ከአቧራው በስተጀርባ፦ የሜዘር ምልክትና የከባድ ኮከቦች ልደት
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




ከዲላ ተነሥቶ ይርጋጨፌን በማለፍ በገደብ በኩል ወርቃ የሚደርስ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው ቤት ሳይሆን ዛፍ ነው። ከላይ ብርብራው፣ ዋንዛውና ዝግባው፣ ከእነርሱ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱም ሥር ቡናው ተደራርቦ ስለቆመ፣ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሸለቆው ባዶ ደን ይመስለዋል። ሆኖም ጥቂት ታግሦ ቢያዳምጥ የሙቀጫ ድምፅ፣ የሕፃናት ጩኸት፣ የቡና መፈልፈያው ሞተር ጉርምርምታ ይሰማዋል። ቅጠሉ ለዐይን ግድግዳ ቢሆንም ለጆሮ ግድግዳ አይደለም። በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ሕዝቡን በጉያው ሸሽጎ የሚያኖር ነውና፣ በውስጡ ያለውን ሕይወት ለማወቅ ከማየት ይልቅ ማዳመጥ ይቀድማል።

የዛሬው ንግግር ርእስ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ከባድ ኮከቦች፣ ማለትም ክብደታቸው የፀሐይን ስምንት እጥፍና ከዚያም በላይ የሆነ ኮከቦች፣ የሚወለዱት እጅግ ጥቅጥቅ ባለ የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ ነው። ያ አቧራ ተራውን ብርሃን ውጦ ያስቀራል። በዐይን የሚታየውን ብርሃን የሚሰበስብ ቴሌስኮፕ፣ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ከግድግዳው ውጭ ይቀራል። የራዲዮ ሞገድ ግን ያልፋል። ስለዚህ የእነዚህን ኮከቦች ልደት መከታተል በአመዛኙ የማዳመጥ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ሜዘር ምንድን ነው?

ሜዘር ከሌዘር በፊት የተወለደ ታላቅ ወንድሙ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ቻርልስ ታውንስ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ባሶቭና ፕሮኾሮቭ ደግሞ በሞስኮ የደረሱበት ዘዴ ሲሆን፣ ሦስቱም በ1964 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለውበታል። መሠረተ ሐሳቡ እንደሚከተለው ነው። ሞለኪውል በተወሰኑ የኃይል ደረጃዎች ላይ ብቻ ይቆማል። በተለመደው ሁኔታ አብዛኞቹ ሞለኪውሎች በታችኛው ደረጃ ላይ ይገኛሉ። አንድ ውጫዊ ኃይል ብዙዎቹን ወደ ላይኛው ደረጃ ካወጣቸው ግን፣ ትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ ያለው አንድ ደካማ ሞገድ በመካከላቸው ሲያልፍ እያንዳንዱ ሞለኪውል ወደ ታች እየወረደ የራሱን ሞገድ በዚያው ምት ይጨምርበታል። ሞገዱም በሄደበት መንገድ ሁሉ እየተባዛ ይጎላል።

ነገሩን በወርቃ አካባቢ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መመሰል ይቻላል። ውኃው በፓምፕ ወደ ላይኛው ታንከር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቧንቧውን የሚከፍተው እጅ ጥቂት ጉልበት ቢያወጣም፣ የሚወርደው ውኃ ጉልበት የፓምፑ እንጂ የእጁ አይደለም። የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ሞለኪውሎቹን ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያወጣውን ኃይል የሚጠሩት በዚሁ በ«ፓምፕ» ስም ነው።

ሰው በቤተ ሙከራ በብዙ ድካም የሠራውን ይህን መሣሪያ ተፈጥሮ ቀድሞ እንደሠራው የታወቀው በ1965 ነው። በካሊፎርኒያ በሃት ክሪክ የሚገኘው የራዲዮ ቴሌስኮፕ በ1665 ሜጋኸርዝ አጠገብ ያገኘው ምልክት እጅግ ጠባብና እጅግ ብርቱ ከመሆኑ የተነሣ ከታወቀ ሞለኪውል ጋር ሊስማማ ስላልቻለ፣ ተመራማሪዎቹ ለጊዜው «ሚስቴሪየም»፣ ማለትም «ምሥጢራዊው»፣ ብለው ሰየሙት። በኋላ እንደተረጋገጠው ምልክቱ የሃይድሮክሲል ሞለኪውል ሲሆን፣ የብርታቱ ምክንያትም በሜዘር መጉላቱ ነበር። በ1968 የታውንስ ቡድን በዚያው በሃት ክሪክ 6 ሜትር ያህል ስፋት ባለው አነስተኛ አንቴና የውኃ ትነትን ሜዘር በ22 ጊጋኸርዝ አገኘ። በ1991 ደግሞ ካርል ሜንተን በ6668.5 ሜጋኸርዝ የሜታኖልን፣ ማለትም የእንጨት አልኮልን፣ ብርቱ ሜዘር አስታወቀ።

፪. እያንዳንዱ ሞለኪውል የሚመሰክረው

እነዚህ ሦስት ሞለኪውሎች በአንድ ሥፍራ ተሰብስበው ቢገኙም ምስክርነታቸው የተለያየ ነው።

የውኃ ሜዘር በአመዛኙ ፓምፑ የሞለኪውሎች ግጭት ነው። አዲሱ ኮከብ በሁለት ወገን የሚተፋው ጋዝ በዙሪያው ያለውን ደመና ሲመታ በሚፈጠረው የድንጋጤ ሞገድ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ የውኃው ምልክት ስለሚወጣው ነገር ይናገራል።

በ6.7 ጊጋኸርዝ የሚሰማው የሜታኖል ሜዘር ደግሞ ፓምፑ ኮከቡ ካሞቀው አቧራ የሚመጣው የታሕተ ቀይ ጨረር ነው። አቧራው ከመጠነኛ ሙቀት በላይ መድረስ ይኖርበታል፤ በአቧራው ቅንጣት ላይ በረዶ ሆኖ የነበረው ሜታኖልም ተንኖ ወደ ጋዝነት መለወጥ አለበት። እነዚህ ሁኔታዎች የሚሟሉት ከባድ ኮከብ በሚወለድበት ሥፍራ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ይህ ምልክት ከተሰማ በዚያ ሥፍራ ከባድ ኮከብ እየተወለደ ለመሆኑ አስተማማኝ ማስረጃ ነው።

የሃይድሮክሲል ሜዘር በበኩሉ የማግኔት መስክን ይለካል። መስኩ የሞለኪውሉን መስመር ለሁለት ስለሚከፍለው፣ በሁለቱ መካከል ያለው የፍሪኩዌንሲ ልዩነት የመስኩን ብርታት ያስታውቃል።

ከዚህም በላይ የሜዘር መስመር በጣም ጠባብ መሆኑ ፍጥነትን በጥንቃቄ ለመለካት ያስችላል። በ6668.5 ሜጋኸርዝ ላይ የአንድ ኪሎ ሜትር በሴኮንድ የፍጥነት ልዩነት የሚያመጣው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ 22 ኪሎኸርዝ ያህል ነው። መሬት በፀሐይ ዙሪያ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ፣ አድማጩ ይህን ካላረመ ምልክቱ በዓመቱ ውስጥ ከሥፍራው ከ600 ኪሎኸርዝ በላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ያገኘዋል። በወርቃ ኬክሮስ ላይ መሬት በዛቢያዋ ስትዞር የምትጨምረው ፍጥነት እንኳ በሴኮንድ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ በስሌቱ መግባት ይኖርበታል።

፫. ከባድ ኮከብ እንዴት ይከብዳል?

ለብዙ ዓመታት ሊቃውንቱን ያስቸገረው ጥያቄ ይህ ነበር። ኮከብ የሚያድገው ጋዝ ወደ ውስጡ እየወደቀ ነው። ከባድ ኮከብ ግን ገና እያደገ ሳለ ብርሃኑ እጅግ ስለሚበረታ፣ የብርሃኑ ግፊት የሚወድቀውን ጋዝና አቧራ መልሶ ሊገፋው ይገባል። እንግዲያስ የፀሐይን ሃያና ሠላሳ እጥፍ የሚመዝኑ ኮከቦች እንዴት ሊኖሩ ቻሉ?

የተሰጠው መልስ ጋዙ ከሁሉም አቅጣጫ ሳይሆን እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ በሆነ ሽክርክሪት በኩል ይገባል፣ ብርሃኑም ከላይና ከታች ያመልጣል የሚል ነው። ከዚህም ጋር፣ አገባቡ እንደ ምንጭ ውኃ የማያቋርጥ ሳይሆን እንደ ጎርፍ ጊዜ እየጠበቀ የሚመጣ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ይህ በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ነበር። ማስረጃው የመጣው ከሜዘር ነው።

በ2015 የጃፓን ተመልካቾች በኦርዮንና በገውዝ መካከል ባለው ኤስ255 በተባለው ሥፍራ የሚገኘው የሜታኖል ሜዘር በድንገት እንደጎላ አስታወቁ። ወዲያው በታሕተ ቀይ ብርሃን ሲታይ፣ የፀሐይን ሃያ እጥፍ ያህል የሚመዝን አዲስ ኮከብ ብርሃኑ በአምስት እጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። አንድ ትልቅ የጋዝ ጉማጅ በኮከቡ ላይ ወድቆ ነበር። የዚህ ጥናት ውጤት በ2017 ታተመ።

በዚያው በ2015፣ በጥር ወር፣ በዐቅራብ ከዋክብት ውስጥ ባለውና ከመሬት 4200 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው ኤንጂሲ 6334 በተባለው ደመና ውስጥ ሌላ መጉላት ተጀመረ። ይህን የሰማው በደቡብ አፍሪካ በሃርተቤስትሁክ የሚገኘው 26 ሜትር አንቴና ነው። ሃይድሮክሲሉ፣ ሜታኖሉና ውኃው በአንድ ወቅት፣ በአሥር የተለያዩ መስመሮች ጎሉ። በቺሊ በረሃ ያለው ታላቁ የአንቴናዎች ስብስብ ያንኑ ሥፍራ ሲመለከትም፣ የአንዱ አዲስ ኮከብ ኃይል ቀድሞ ከነበረው በ70 እጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኘ።

ከእነዚህ ትምህርት በመውሰድ የልዩ ልዩ አገሮች ተመልካቾች የሜዘር ክትትል ማኅበር አቋቋሙ። በ2019 መጀመሪያ በጃፓን ሂታቺ ያለው አንቴና ወደ ጋላክሲው ማዕከል አቅጣጫ ጂ358.93 በተባለው ሥፍራ አዲስ መጉላት ሲሰማ፣ የማኅበሩ አባላት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንቴናዎቻቸውን ወደዚያው አዞሩ። በአህጉሮች መካከል ተጣምረው በተከታታይ በተመለከቱ ጊዜ የሜዘሩ ነጠብጣቦች የሠሩት ቀለበት ወደ ውጭ ሲሰፋ ታየ። የመስፋቱ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ከመቶ 4 እስከ 8 ይደርስ ነበር። ይህን ያህል የሮጠው ጋዙ ራሱ አይደለም፤ በጋዙና በአቧራው መካከል እየተዋጠና እየተለቀቀ የሚጓዘው ሙቀት ነው። ሰው የአንድን ኮከብ አጎራረስ በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለከተ ማለት ነው።

፬. የአሮጌው አንቴና ነገር

የዚህ ማኅበር አባላት በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። የሃርተቤስትሁክ አንቴና አዲስ መሣሪያ አይደለም። በ1961 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ከሩቅ መንኮራኩሮች ጋር ለመገናኘት የሠራው ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለሥነ ፈለክ ተሰጠ። በ1999 ሻርሚላ ጉድሃርት፣ ማይክል ጌይላርድና ባልደረቦቻቸው 54 የሜታኖል ሜዘሮችን በየጊዜው መመዝገብ ጀመሩ። ሥራው አሰልቺ ይመስል ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ከመዝገቡ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ፤ አንዳንዶቹ ሜዘሮች እንደ ሰዓት በየተወሰነው ቀን ይጎሉና ይደክሙ ነበር። በቀውስ ከዋክብት ውስጥ ያለው ጂ9.62 የተባለው ምንጭ በ244 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ይጎላል። ይህን ያስተማረው የአንቴናው ስፋት ሳይሆን የመዝገቡ አለመቋረጥ ነው።

በ2008 የዚሁ አንቴና የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ተሰበረ። አንቴናው ቆመ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋ ብረት ነበርና፣ «አርጅቷል» ብሎ መተው ቀላል በሆነ ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ያን ግዙፍ አካል ደግፈው ኩሽኔታውን ለወጡ፤ በ2010 አንቴናው ወደ ሥራው ተመለሰ። ከአምስት ዓመት በኋላም ከላይ የተነገረውን የ2015ን መጉላት ሰማ። ኩሽኔታው ባይለወጥ ኖሮ ከ4200 ዓመት ገደማ በፊት ተነሥቶ ወደ መሬት ሲጓዝ የኖረው ምልክት በሃርተቤስትሁክ በኩል ሲያልፍ የሚሰማው አንቴና አያገኝም ነበር። በመካኒኩ ሥራና በሊቁ ግኝት መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል አጭር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የጋና ነው። በኩንቱንሴ የሚገኘው 32 ሜትር አንቴና የተሠራው ለሳተላይት የስልክ መገናኛ ነበር። የባሕር ውስጥ የፋይበር ገመድ ሲመጣ ሥራ ፈታ። የጋናና የደቡብ አፍሪካ መሐንዲሶች ተባብረው ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕነት ለወጡት፤ በ2017 ሲመረቅ ከመጀመሪያዎቹ ምልከታዎቹ አንዱ የሜታኖል ሜዘር ነበር። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የሳተላይት የመሬት ጣቢያ ወደ ላይ የሚልክበት ፍሪኩዌንሲ ከ5.9 እስከ 6.4 ጊጋኸርዝ ነው። የሜታኖሉ 6.7 ጊጋኸርዝ የዚሁ ጎረቤት ነው። የሞገዱ ርዝመት 4.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የሳህኑ ገጽ ጉድለት ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ካልበለጠ በደንብ ይሠራል፤ ለሳተላይት የተሠራ ሳህን ደግሞ ይህን ያሟላል።

፭. ከወርቃ ሰማይ ሥር

በኢትዮጵያ የሥነ ፈለክ ሥራ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባሉት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ይታወቃል። በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የደከመበት ይህ ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ዐይን የሚያይበት ቴሌስኮፕ ጥርት ያለ ሌሊት ይፈልጋል። በጌዴኦ ደጋ፣ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመጣበትና ጉም ከሸለቆው በማይለይበት አገር፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ብዙውን ሌሊት ተሸፍኖ ያድራል። የ6.7 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግን ጉምንና ደመናን ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ ቀንና ሌሊትንም አይለይም። በ22 ጊጋኸርዝ የሚመጣው የውኃ ምልክት በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ይደክማልና ለወርቃ አይመከርም፤ ሜታኖሉ ግን ይመቻታል።

የአካባቢው ኬክሮስ ደግሞ ሌላ ጸጋ ነው። ወርቃ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ሆኖ ለሚመለከት፣ በዐቅራብ ያለው ኤንጂሲ 6334 ከአድማስ 48 ዲግሪ፣ በቀውስ ያለው ጂ9.62 ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ኤስ255 ደግሞ 78 ዲግሪ ከፍ ይላሉ። በስተ ሰሜን ርቆ ያለው ደብሊው3 የተባለው ታላቅ የሜዘር ምንጭ እንኳ 34 ዲግሪ ያህል ይወጣል። የአውሮፓ አንቴናዎች የደቡቡን፣ የደቡብ አፍሪካው ደግሞ የሰሜኑን ሰማይ ከፊል ያጣሉ፤ የኢትዮጵያ ደቡብ ግን ሁለቱንም ያያል።

ይህ ለብቻ ከመመልከት ይልቅ ለመጣመር የበለጠ ይጠቅማል። ርቀው የቆሙ አንቴናዎች ምልክታቸውን በአቶም ሰዓት መዝግበው ሲያዋሕዱ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ያህል ስፋት ያለው አንድ መሣሪያ ይሆናሉ። ከጌዴኦ እስከ ሃርተቤስትሁክ 3700 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጥምረቱ በሜታኖል ሞገድ ከዲግሪ አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ማዕዘን ሊለይ ይችላል። በዚህ ዘዴ በሌሎች አህጉሮች የሁለት መቶ ያህል ሜዘሮች ርቀት ተለክቶ፣ በ2019 በወጣው ጥናት የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል ከፀሐይ 26600 የብርሃን ዓመት ያህል እንደሚርቅ ታውቋል። በደቡብ አፍሪካና በአውሮፓ መካከል ግን አንቴና ያልቆመበት ሰፊ ክፍተት አለ። ምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘው በዚያ ክፍተት መካከል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

፮. ጥቅሙ ምንድን ነው?

መብራት ገና ያልደረሰው ቀበሌ ባለበት አገር የኮከብን ልደት ማዳመጥ ቅንጦት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በሽንገላ ሊታለፍ አይገባም። ሜዘር የወርቃን ቡና ዋጋ አይጨምርም። መንገድም አይሠራም። ይህን እያወቁ ሌላ ተስፋ መስጠት ሳይንስንም ገበሬውንም ማታለል ነው።

ይሁን እንጂ ወጪውም እንደሚፈራው አይደለም። ጂ9.62 በሚጎላበት ጊዜ ወደ 5000 ጃንስኪ ይደርሳል። ሳህኑ 5 ሜትር፣ መቀበያው ያልቀዘቀዘ ተራ መቀበያ ቢሆን፣ በአሥር ደቂቃ ምዝገባ ከአርባ ጃንስኪ ያነሰ ምልክት ሊለይ እንደሚችል ተራ ስሌት ያሳያል። ይህም ማለት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ያገለገለና የተጣለ ሳህን፣ አንድ ጥሩ ማጉያ፣ አንድ ኮምፒውተርና የማይሰለች ተማሪ ካሉ፣ ዲላን በመሰለ የዩኒቨርሲቲ ከተማ የአንድን ከባድ ኮከብ የ244 ቀን ምት መመዝገብ ይቻላል ማለት ነው። ያ ተማሪ ሥራውን ሲጨርስ ኮከብን ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ደካማ ምልክትን ከሁካታ መለየት፣ መቀበያን መለካት፣ ጊዜን በትክክል መጠበቅ፣ ሳህንን ማነጣጠር ይለምዳል። እነዚህ ደግሞ ቴሌኮሙኒኬሽኑም፣ አቪዬሽኑም፣ የሜትሮሎጂው ራዳርም በየዕለቱ የሚፈልጓቸው ሙያዎች ናቸው።

ትልቁን አንቴና በሚመለከትም ኢትዮጵያ በሱሉልታ የሳተላይት የመሬት ጣቢያ ያቋቋመች አገር ናት። በአህጉሩ በልዩ ልዩ ሥፍራ የቆሙ እንዲህ ያሉ ሳህኖች ዕጣቸው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እንደ ኩንቱንሴው ሌላ ሥራ ያገኛሉ፣ ወይ በኪሎ ተመዝነው ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣሉ። የቆመ አንቴና በዓመት ዓመቱ ይዝጋል፤ ዘይት ያልተቀባ ማርሽ ይነክሳል። በአንድ የጨረታ ቀን የሚፈርሰውን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ጋር አይወዳደርም። ውሳኔው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ብቻ አይደለም። ብረቱን የሚያውቀው፣ ዘንጉን የሚለካው፣ «ይህ ገና ይሠራል» ወይም «ይህ አይሠራም» ብሎ በፊርማው የሚያረጋግጠው መሐንዲሱ ነው።

ስለዚህ ከማኅበሩ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአገሪቱ ውስጥ ሥራ የፈቱ ትልልቅ አንቴናዎች የት እንዳሉና በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ መዝግቦ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ማቅረብ። ሁለተኛ፣ ማናቸውም ሳህን ከመፍረሱ በፊት የባለሙያ አስተያየት እንዲጠየቅ ማሳሰብ። ሦስተኛ፣ በክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ትንሽ የሜታኖል መቀበያ ለመሥራት የሚነሡ ተማሪዎችን በምክርና በዕቃ መርዳት። ከሦስቱም ውስጥ የውጭ ምንዛሪን በብዛት የሚጠይቅ የለም።

በጌዴኦ ኮረብታዎች ላይ ስማቸው ያልታወቀ የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ብዙ ትክል ድንጋዮች አሉ። ድንጋዩን ጠርቦና አጓጉዞ ለማቆም ብዙ ሰው መተባበር ነበረበት፤ ያቆሙትም ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣ ሰው ነው። የሜዘር መዝገብም እንዲሁ ነው። ዛሬ የሚመዘገበው አንድ መስመር ትርጉም የሚያገኘው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ኮከቡ ሲጎርስ ወይም ሲያርፍ ይሆናል። ምልክቱ በዛሬዋም ሌሊት በወርቃ ጉምና ቅጠል ውስጥ እያለፈ ነው። የጎደለው ጆሮው ብቻ ነው፤ ጆሮውን መሥራት ደግሞ የመሐንዲስ ሥራ ነው።